የቫይታሚን ዲ ጠብታ ለአራስ፦ አንድ ነው፣ ሁለት ነው ወይስ አምስት?

ቀኔ_ቀርቧል (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ሚኒያፖሊስ ነው፤ 31ኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ፤ የምወልደው ዲሴምበር አጋማሽ ነው ተብሏል። ስለ ቫይታሚን ዲ የሚነገረኝ ሁሉ እርስ በርሱ አልገጥም ስላለኝ የምታውቁ እንድታስረዱኝ ነው።

የደም ምርመራዬ 14 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ ወጣ። በየቀኑ የምወስደው የእርግዝና ቫይታሚን 400 ዩኒት አለው፤ ሐኪሟ በላዩ ላይ 2000 ጨምሪ አለችኝ። ሲደመር 2400 መሆኑ ነው። ለጽንሱ አይበዛም?

ለሕፃኑ የገዛሁት ጠርሙስ «አንድ ጠብታ፣ 10 ማይክሮ ግራም» ይላል። ክሊኒኩ የሰጠኝ ወረቀት ደግሞ «በቀን 1 ሚሊ ሊትር» ይላል። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ አምስት ጠብታ፣ እስራኤል ያለችው የአክስቴ ልጅ ሁለት ጠብታ ነው የምንሰጠው ይሉኛል። ማንን ልስማ?

እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። «ልጅ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ጠብታ ምን ይሠራለታል» ባይ ናት። በዚያ ብርድ ውጭ ማውጣት ስለማይሆን በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ይበቃዋል? ወይስ እኔ አብዝቼ ብወስድ በጡቴ በኩል ይደርሰዋል? ደግሞ የምወልደው በጾመ ነቢያት ነው። ካፕሱሉ ከእንስሳ ነው የሚሠራው የሚባለውስ እንዴት ነው?

የመድኃኒት_ባለሙያ

በሽልም ያውጣሽ እህቴ። ከጠብታው ልጀምር፤ ሕፃን የሚጎዳው ስሕተት የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነውና።

እህትሽም፣ የአክስትሽ ልጅም፣ ወረቀቱም፣ ጠርሙሱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ በቀን 400 ዩኒት። የሚለያየው የፈሳሹ ጥንካሬ ነው። የስዊድኑ እያንዳንዱ ጠብታ 80 ዩኒት ስለያዘ አምስት ሲሆን 400 ይሞላል። የእስራኤሉ በአንድ ጠብታ 200 ስላለው ሁለት ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንደኛው ቀጠን ያለ ነው፤ 400 ዩኒቱ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ተበትኖ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ይሰጣል። ሁለተኛው አንቺ የገዛሽው ነው፤ 400ው በሙሉ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ታጭቋል። የክሊኒኩ ወረቀት የተጻፈው የመጀመሪያውን ታስቦ ነው።

አሁን የወረቀቱን መጠን ከአንቺ ጠርሙስ ቀድተሽ ብትሰጪው ምን እንደሚሆን እናስላው። 1 ሚሊ ሊትር 30 ጠብታ ገደማ ይወጣዋል። 30 በ400 ሲባዛ 12,000 ዩኒት ነው፤ የወር ድርሻው በአንድ ጉርሻ ማለት ነው። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ 1000 ነው። አንድ ቀን ተሳስቶ ከተሰጠ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ወይም ለመርዝ መረጃ ማዕከል መደወል ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ 1-800-222-1222 ነው። ማንም ሳያስተውለው ለሳምንታት ከቀጠለ ግን በደሙ ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል፦ ሕፃኑ ጡት ይጠላል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሽንት ይበዛበታል፣ ይከሳል፣ ይደክማል፤ ኩላሊቱም ይጎዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ስለዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ከአንዳንዱ ጠርሙስ ጋር የሚመጣው መስጫ ከ400 ዩኒት በላይ የሚይዝ ሆኖ በመገኘቱ።

ስለዚህ ማንም ሰው ስንት ጠብታ እንደሚሰጥ ሲነግርሽ «በአንዱ ጠብታ ስንት ዩኒት አለው?» ብለሽ ጠይቂ። ጠርሙሱ በማይክሮ ግራም ከጻፈው በ40 አባዢው፤ 10 ማይክሮ ግራም 400 ዩኒት ነው። ያንን «10» አይቶ አሥር ጠብታ የሚሰጥ ሰው አለና ለእናትሽም አሳያቸው። የአንዱን ጠርሙስ መስጫ ለሌላው መጠቀም ክልክል ነው። እህትሽም ከስዊድን ጠርሙስ ይዛ ከመጣች ሁለቱን አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጧቸው።

አሰጣጡ፦ እጅሽን ታጠቢ፣ ጠርሙሱን በመመሪያው ላይ እንደተሳለው ያዢ። አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ይደፋል፣ አንዳንዱ ጋደል ይላል፤ አያያዙ ሲቀየር የጠብታው መጠን ይቀየራል። አትነቅንቂው፣ ሆዱንም አትጭመቂው፤ ራሱ እስኪወርድ ጠብቂ። ጠብታዋን ጡትሽ ጫፍ ላይ አድርገሽ ወዲያው ማጥባት ነው። በንጹሕ ጣት ማስላስም ይቻላል። የ1 ሚሊ ሊትሩ ዓይነት ከሆነ ሲሪንጁን ወደ ጉንጩ ውስጠኛ ጎን አስገብተሽ ቀስ እያልሽ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ከተገፋ ትን ይለዋል። ሙሉ ጡጦ ውስጥ አትቀላቅዪው፤ ግማሹን ትቶ ቢተኛ ስንቱን እንደወሰደ ማወቂያ የለሽም፣ ዘይቱም ጡጦው ላይ ይለጠፋል።

ስለ አንቺ ደግሞ አትስጊ። 14 ዝቅተኛ ነው፤ ብዙዎቹ ሐኪሞች ቢያንስ 20 እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የተለመደው የቀን ፍላጎት 600 ዩኒት ሲሆን ያለ ሐኪም ክትትል መታለፍ የሌለበት ጣሪያ 4000 ነው። እጥረት ለተገኘባት ነፍሰ ጡር ከ1000 እስከ 2000 መጨመር በአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞችም ዘንድ ደህና የሚባል ነው። ካፕሱሉን ዘይት ካለው ምግብ ጋር ዋጪው፤ በባዶ ሆድ በደንብ አይገባም።

አዋላጅ_ነርስ_አዲስ

የፀሐዩን እኔ ልመልስ፤ እናትሽ ያሉት ከመሬት የተነሣ አይደለምና በወግ ሊመለስላቸው ይገባል።

ቫይታሚን ዲን ቆዳ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው ጨረር ነው። ይህ ጨረር የሚደርሰን ፀሐይ ከፍ ስትል ብቻ ነው፤ ዝቅ ባለች ጊዜ አየሩ ውስጥ ተጣርቶ ይቀራል። መለኪያው ጥላ ነው። ጥላሽ ከቁመትሽ ካጠረ ቆዳሽ እየሠራ ነው፤ ከረዘመ ሙቀቱ እንጂ ቫይታሚኑ እምብዛም የለም። አዲስ አበባ ላይ ጥላ ከቁመት ማነስ የሚጀምረው እንደ ወራቱ ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሚኒያፖሊስ ግን በዲሴምበር ቀትር ላይ እንኳ ጥላሽ የቁመትሽን ሁለት ተኩል ያህል ይረዝማል። አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የምናያት ፀሐይ ማለት ናት። እዚያ ከተማ ቢያንስ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ቀኑ ብራ ቢሆንም ከፀሐይ የሚገኝ ቫይታሚን ዲ የለም ብለሽ ቁጠሪው። ለእናትሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ «እማ፣ እዚህ ቀኑን ሙሉ የጠዋቱ 2 ሰዓት ፀሐይ ናት።»

የመስኮቱ ነገር እዚህም እዚያም ያው ነው። መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ያንን ጨረር ግን ይይዘዋል። እኛ ጋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያሉ እናቶች ግቢ ስለሌላቸው ልጁን ከመስኮቱ ሥር አስተኝተው «ፀሐይ ሞቋል» ይላሉ፤ በጣም የሚያሳዝነኝ ይኸ ነው፤ ምክሩን ሰምተው፣ ለፍተው፣ ልጁ ምንም አላገኘም።

ሌላው መጠቅለል ነው። በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ከወጣ የሚሠራው ቆዳ አንድ መዳፍ አይሞላም። በቅባት መታሸቱ ልማዱ ደስ ይላል፣ ቅባቱ ግን ቫይታሚኑን አይሠራውም። አሜሪካ ሲንሲናቲ ውስጥ በነጭ ሕፃናት ላይ በተደረገ የታወቀ ጥናት ዳይፐር ብቻ ለብሶ በሳምንት 30 ደቂቃ፣ ወይም ልብስ ለብሶ ያለ ቆብ በሳምንት 2 ሰዓት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። የኛ ልጆች ቆዳ ጠቆር ያለ በመሆኑ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አገር ቤት ላላችሁ እናቶች፦ ልጁን አውልቁት፣ ጭንቅላቱንና ዓይኑን ከልሉ፣ ከጥቂት ደቂቃ ጀምራችሁ በየቀኑ ጨምሩ፣ ቆዳው ሲግል ወይም ሲቀላ አንሡት። ከዓይን ለመከለል፣ ምች እንዳይመታው በመፍራት ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ወንዱን 40 ቀን፣ ሴቷን 80 ቀን ከቤት ሳያወጡ ማቆየት በብዙ ቤት አለ። ለእናቲቱ ዕረፍት ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ለሴቷ ልጅ ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ነው፤ ከእናቷ ይዛ የመጣችው ስንቅ ሊያልቅ የሚችልበት ጊዜ።

ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንጂ ቫይታሚን ዲ የለበትም። «የእርግዝናውን ኪኒን እየወሰድኩ ነው» ያለች እናት ቫይታሚን ዲም አግኝታለች ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር ሁሉ ይሰጥ አይልም፤ እጥረት ለሚጠረጠርባት ግን በቀን 200 ዩኒት ይመክራል። ፊቷን ጭምር የምትሸፈን፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወይም ሱቅ የምትውል እናት ስለዚህ ጉዳይ አዋላጇን ትጠይቅ።

የሕፃናት_ነርስ_ስቶክሆልም

እዚህ አምስቱ ጠብታ የሚጀመረው በአንድ ሳምንት ዕድሜ ነው፣ እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላላቸው፣ ሰውነታቸውን ለሚሸፍኑ፣ ዓሣና ቫይታሚን የተጨመረበት ወተት ለማይወስዱ ልጆች ከሁለት ዓመት በኋላም ይቀጥላል። ብዙ ሐበሻ ወላጆች «ሁለት ዓመት ሞላው» ብለው ያቆሙታል፤ የኛ ልጆች ግን የሚቀጥሉት ውስጥ ናቸው።

በጡትሽ በኩል ይደርሰው እንደሆነ ለጠየቅሽው፦ የእናት ጡት ወተት ሁሉ ነገር አለው፤ ይህ ቫይታሚን ግን ትንሽ ነው ያለበት፤ በሊትር ከ25 እስከ 80 ዩኒት ቢሆን ነው። ሕፃን በቀን 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢጠባ የሚደርሰው ከ20 እስከ 60 ነው፣ የሚፈልገው 400። ወተትሽ ጎድሎ አይደለም፤ የሰው ቆዳ በፀሐይ ይሠራዋል ተብሎ የተተወ ድርሻ ነው።

አብዝቶ መውሰድ ይሠራል ወይ? ይሠራል፣ ግን መጠኑ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እናት በየቀኑ 6400 ዩኒት ስትወስድ ልጇ 400 በቀጥታ እንደተሰጠው ልጅ ያህል እንዳገኘ አሳይቷል። በዚያው ጥናት 2400 የወሰዱት እናቶች ልጆች ስላልበቃቸው ያ ክፍል ቀድሞ ተቋርጧል። አንቺ የምትወስጂው 2400 ለአንቺ ጥሩ ነው፣ ለልጁ ግን አይደርስም ማለት ነው። 6400 ከጣሪያው በላይ ስለሆነ ያለ ሐኪም አይሞከርም። ሌላም ነገር አለ፦ ወደ ወተት የሚያልፈው ገና ጉበት ያልነካው ቫይታሚን ነው፤ እሱም ደም ውስጥ የሚቆየው አንድ ቀን ገደማ ነው። በሳምንት ወይም በወር አንዴ ትልቅ ካፕሱል የምትውጥ እናት ወተቷ አንድ ሁለት ቀን ሞልቶ ከዚያ ይጎድላል። ለልጁ ጠብታውን መስጠት ይቀላል፣ ይረጋገጣልም።

የዱቄት ወተት ላይ ያለ ልጅ፦ አሜሪካ ውስጥ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ወይም 32 አውንስ ከጠጣ ጠብታው ይቆማል፤ ሕፃን ያን ያህል የሚደርሰው ግን ከወራት በኋላ ነው። እንግሊዝ 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ታቆማለች። ጡትም ጡጦም ከሆነ ጠብታው ይቀጥላል፤ «ፎርሙላ ጀምሯል» ብሎ ማቆም ከማየው ስሕተት ሁሉ የበዛው ነው።

ቤት ውስጥ ሁለት የሚሰጡ ሰዎች ካሉ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፉና የሰጠ ሰው ቀኑን ያጥፋ። አንድ ቀን ከተረሳ ነገ እጥፍ አይሰጥም፤ ያለፈው አልፏል።

ቀኔ_ቀርቧል (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የጥላውን ነገር ለእናቴ በስልክ ነግሬያት ዝም ብላ ሰማችኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የጾሙን፣ እና አንዲት ዘመዴ ዱባይ ሆና 50,000 ዩኒት ካፕሱል አገኛለሁ፣ ልላክልሽ ትለኛለች። ልጁ ላይስ ጎደለ የሚባለው በምን ይታወቃል?

የመድኃኒት_ባለሙያ

የጾሙን በአጭሩ። ቫይታሚን ዲ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዲ3 እና ዲ2። ገበያ ላይ ያለው ዲ3 አብዛኛው የሚሠራው ከበግ ፀጉር ቅባት ነው፤ የካፕሱሉ ልባስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ የሚወጣ ጄላቲን ነው። ይህን የማትፈልግ እናት ከድንጋይ ሽበት (ሊከን) የተሠራ ዲ3፣ ወይም ከእርሾና ከእንጉዳይ የሚገኘውን ዲ2 ታገኛለች፤ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ በማድረግ ግን ዲ3 ይሻላል። ነፍሰ ጡርና አራስ ከጾም እንድታርፍ ብዙ አባቶች ይመክራሉ፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። በምግብ በኩል ግን ብትፈስኪም ብዙ ቫይታሚን ዲ አታገኚም፦ አሜሪካ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ወተት ከ100 እስከ 120 ዩኒት፣ አንድ የእንቁላል አስኳል 40 ገደማ ነው። ጾመሽም ፈስከሽም ካፕሱሉን አትተዪው።

«የዓሣ ዘይት ይበልጣል» ብለው ኮድ ሊቨር ኦይል የሚያቀርቡልሽ ከመጡ በእርግዝናሽ አትውሰጂው። ከቫይታሚን ዲው ጋር ብዙ ቫይታሚን ኤ አለው፣ እሱም ሲበዛ ጽንስ ይጎዳል።

50,000ው በሳምንት አንዴ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚወሰድ ነው። በየቀኑ እንደሚዋጥ አድርገው የወሰዱት ሰዎች ሆስፒታል ይገባሉ። አታስልኪው።

የሕፃናት_ሐኪም

ልጁ ላይ ስለሚታየው፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት እጥረቱ ከባድ ከሆነ ቀድሞ የሚታየው አጥንት ላይ አይደለም፤ ካልሲየም ወርዶ ሕፃኑ ትኩሳት ሳይኖረው ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሪኬትስ፣ የአጥንት መለስለስ ነው፦ የእጅ አንጓው ወፍሮ ድርብ ይመስላል፣ የጎን አጥንቶቹ ጫፍ ደረቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተደርድሮ ይዳሰሳል፣ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቆያል፣ ጥርስ ይዘገያል፣ መሄድ ሲጀምር እግሩ ይጎብጣል። እግሩ እስኪጎብጥ ከተጠበቀ ብዙ ዘግይቷል።

ይህን የምለው ስለ እግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ፣ አዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ጥናት 500 የሳንባ ምች የያዛቸውን ልጆች ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጽሮ፣ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ 13 እጥፍ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቷል። የጎን አጥንቱ የላላ ልጅ ደረቱን ነፍቶ መተንፈስም፣ ጠንክሮ ማሳልም ይቸግረዋል። የ13 ወር ፀሐይ ባለባት አገር ይህ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ፀሐይ አለ ማለት ልጁ ቆዳ ላይ ደርሷል ማለት አይደለም።

ሕክምናው ከመከላከያው የተለየ መጠን ነው፦ ከዓመት በታች ላለ ልጅ በቀን 2000 ዩኒት ቢያንስ ለሦስት ወር፣ ከ500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ጋር፤ ካልሲየሙ ከምግብም ከመድኃኒትም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቦታ 300,000 ዩኒት የያዘ አምፑል በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን እንዲህ ያለ ትልቅ መጠን አይገባም። ከዚያ በላይ ለሆነውም ወላጅ ማወቅ ያለበት መቼና ስንት እንደተሰጠው ነው። አንዱ ክሊኒክ ሰጥቶ፣ ሌላው ሳያውቅ ሲደግም ነው ጉዳት የሚመጣው። በጤና ካርዱ ላይ አስጽፉ።

ስለ አንቺ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ላቦራቶሪ በናኖ ሞል በሊትር ይጽፋል፤ የአሜሪካውን በ2.5 ማባዛት ነው። የአንቺ 14 ስቶክሆልም ቢመረመር 35 ይሆናል፤ እህትሽ «የኔ 40 ነው፣ ካንቺ ሦስት እጥፍ እበልጣለሁ» ብትልሽ ልዩነታችሁ ትንሽ ነው። ልጁ ሲወለድ የሚኖረው መጠን ከአንቺው ያንሳል፤ ከ60 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ነው፣ እሱም በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እየተገመሰ ይሄዳል። ከአሁን ጀምሮ 2400ውን ሳታቋርጪ ከወሰድሽ እስክትወልጂ ዘጠኝ ሳምንት ያህል አለሽ፤ ለውጡ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ስለሆነ ድጋሚ ምርመራውን ከወሊድ በኋላ ባለው ቀጠሮሽ ጠይቂ። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ ከተወለደ ከዚህ በላይ የጻፍነውን የጠብታ መጠን ተዪው፤ የሚሰጠውን ክብደቱን አይቶ የሕፃናት ክፍሉ ይወስናል።

ካልሲየም ታዞልሽ ከሆነ ከብረቱ ጋር አንድ ላይ አትዋጪው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ለያያቸው።

ቀኔ_ቀርቧል (ጠያቂ)

ገባኝ። ጠብታዋ ቀለም የላትም፤ ጡቴ ላይ ወድቃ ይሁን አይሁን ባላረጋግጥስ?

የመድኃኒት_ባለሙያ

መብራት ባለበት አድርጊው፣ ከማጥባትሽ በፊት ጫፉን በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ዘይቷ ታበራለች። ካጠራጠረሽ አትድገሚው፣ ነገ ስጪው። አንድ ቀን ቢቀርበት ምንም አይሆንም።